የሚታወቅ ኮቴ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ቡናው ገና እየተቆላ ነው፣ እኔም የማወራችሁ ነገር በአቦል የሚያልቅ አይደለም፤ ከመንዝ ደጋ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሏት ከተማ ስለገባ አንድ ኮቴ ነው።

አባቴ ሲራመድ ይሰማ ነበር። ጉልበቱን ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ከፍ አድርጎ ያነሣና፣ ከዚያ ተረከዙ ሳይቀድም የእግሩ ፊት ይወርድና መሬቱን በጥፊ እንደ መምታት ጧ ያደርገዋል። ጧ፣ ደግሞ ጧ። በነሐሴ፣ ጭጋጉ ደጁን አልፎ ምድጃ ሥር በሚተኛበት ወር፣ ሰው ከሰው አይተያይም፤ እናቴ ግን ጭሱን በእጇ እየገፋች አንገቷን ቀና ታደርግና «መጣ» ትላለች፣ እኛም የእግር ውሃውን ልናሞቅ እንነሣለን፣ ከዚያም ብዙ ቆይቶ በርኖሱ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ይላል። ውሻችን እንኳ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ይጮህበት ነበር እንጂ ለዚያ ኮቴ ጮኾ አያውቅም። አያቴም እንዲሁ ነበሩ ይባላል። አገሩም አረማመዱን የቤታችን መለያ አድርጎት፣ ገና ከማዶ ሲሰማ «የእነሱ ሰው ነው» ይል ነበር።

እግሩን እያጠብኩ አድጌያለሁና አውቀዋለሁ። የውስጥ እግሩ ከመሬት ተነሥቶ እንደ ድልድይ የጎበጠ ነበር፣ ጣቶቹ ወደ ታች የተቆለመሙ፣ ባቱም ሟሽሾ ቅልጥሙ ብቻ የቀረ። ውሃው ሲፈጅ እኔ እጄን እሰበስባለሁ፣ እሱ ግን እግሩን አያነሣም፤ ቻይ ሰው ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ዕድሜው ሲገፋ እጁም ደከመና የበቅሎዋን ልጓም መቋጠር አቃተው። አንዱ ቁርጥማት ነው አለ፣ ሌላው የደጋ ብርድ ነው አለ፣ ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መተት ረግጦ ነው አለ። አባቴ ለማናቸውም መልስ አልሰጠም። ገብሱን አጨደ፣ ከዚያ ወቃ፣ ከዚያ ልጆቹን አስተማረ፣ ከዚያ ዐረፈ።

ከሁለት ልጆቹ እኔ የእናቴን እግር ወሰድኩ፣ ታናሽ እህቴ የእሱን። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እህቴ በወጣትነቷ አሜሪካ ገባች፣ እኔም ከዓመታት በኋላ ተከተልኳትና ታክሲ መንዳት ያዝኩ፣ እሷም አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፣ አንዲት ሴት ልጅም ወለደች። ልጅቷ 11 ዓመት ሲሆናት ቁርጭምጭሚቷ ወለም ማለት ጀመረ፤ አንዴ ግራው፣ አንዴ ቀኙ። የጫማዋ አፍንጫ በየሦስት ወሩ ይበላል። እህቴ ወጌሻ እንዳየችው አድርጋ በቅባት አሸት አሸት ታደርጋትና በሻሽ ጠፍራ ትምህርት ቤት ትሰዳታለች። አንድ የፋሲካ ማታ እኔ ምድር ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከራሴ በላይ ካለው የእንጨት ወለል ጧ… ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወገኖቼ፣ አባቴ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሰውነቴ ብው አለ፣ ተነሥቼም ደረጃውን ወጣሁ፣ ከላይም ልጅቷ የዶሮ ወጡን ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ጉልበቷን ከፍ እያደረገች ወደ ጠረጴዛው ስትሄድ አየኋት። ለእህቴ ነገርኳት፣ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት።

የነርቭ ሐኪሙ በእጇና በእግሯ ላይ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት እየለቀቀ መልእክቱ ነርቯን ይዞ የሚሮጥበትን ፍጥነት ለካ። በደህና ሰው ክንድ በሰከንድ 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፤ የእሷ 21 ሆነ። ከዚያ ደም ተወሰደ፣ ከዚያም የበሽታው ስም መጣ፦ ሻርኮ፣ ማሪ፣ ቱዝ። እህቴ እንግሊዝኛውን ሰምታ «ቱዝ ጥርስ አይደል እንዴ? ጥርሷ ምን ሆነ?» አለች። የሦስት ሐኪሞች ስም ነው። ሻርኮና ማሪ ፓሪስ ውስጥ፣ ቱዝ የሚባለው ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ይህን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ እግር የሚያመነምን ሕመም ጻፉት። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት ባሠሩበት፣ አዲስ አበባ ስሟን ባገኘችበት በዚያው ዘመን ማለት ነው። አያቴም ያኔ መንዝ ላይ ጧ ጧ ይሉ ነበር፤ የሚጽፍላቸው አላገኙም እንጂ። በዓለም ላይ ከ2,500 ሰው አንዱ አለበት ይላሉ።

የበሽታውን ሥር ሐኪሙ እንዲህ አስረዳን፣ እኔም በራሴ ቋንቋ ልንገራችሁ። ቁም ጸሐፊ ብራናው ላይ ጎንበስ ብሎ ዳዊት ሲገለብጥ ዓይኑ ይስትና አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል አይደል? በዘራችን ጽሑፍ ውስጥም 17ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ ቁራሽ እንዲህ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ይህም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ቅጂ ሲኖረው የእኛዎቹ ሦስት አላቸው። ያ ቁራሽ የነርቭን ሽፋን የሚሠራ ፕሮቲን ያዝዛል፣ ትእዛዙም ሲበዛ ሽፋኑ ይበላሻል፣ ይላጣል፣ ሰውነትም እንደገና ይጠቀልለዋል፣ እንደገናም ይላጣል፣ እንዲህ ሲል ሲል በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ለሁለት የተቆረጠ ሽንኩርት ይመስላል። ረጅሙ ነርቭ ቀድሞ ይደክማል፤ ስለዚህ እግር ይቀድማል፣ እጅ ይከተላል። ከታማሚ ወላጅ የሚወለድ ልጅ ሁሉ ዕጣው ግማሽ በግማሽ ነው። ዕድሜ አያሳጥርም፣ መድኃኒትም የለውም።

ልብ በሉልኝ፣ የጎደለ ነገር የለም። የበዛ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ልጅቷ 23 ዓመት ሞላት፣ የፋርማሲ ተማሪ ሆነች፣ በሱሪዋ ሥርም የፕላስቲክ የእግር ድጋፍ ታስራለች። ያን ሰሞን እህቴ ሥራ ቦታ አንዲት ጓደኛዋ የባሏን ነገር አጫወተቻት። ሰውዬው ስኳር አለበት፣ እግሩ ላይ ቁስል ወጥቶ ለወራት አልሽር አለው፣ ሊቆረጥ ነው ተብሎ ሳለ የኦክስጅን ክፍል ውስጥ እያስገቡ አዳኑት። እህቴ ከዚህ ሁሉ ወሬ «እግር» እና «ዳነ» የሚሉትን ሁለቱን ቃላት ይዛ ወጣች። ማንስ ቢሆን ሌላውን ይሰማል? ማታውን ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ዕቁቡ ወጥቶልኛል፣ 10,000 ዶላር ነው። እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አሁን አላወጣልኝም» አለችኝ።

ጥር ውስጥ ነበር፣ ከጥምቀት አራት ቀን በፊት። በጠዋት ተነሣን፣ በረዶው ሌሊቱን ጥሎ አድሮ መኪናዬን ነጭ ድንኳን አስመስሏታል፣ እኔም በመጥረጊያ ጠረግኩ፣ ከዚያም እንደገና ጣለ፣ እንደገናም ጠረግኩ። እህቴ ከኋላ ተቀመጠች፣ በፌስታል ዳቦና በፔርሙስ ሻይ ይዛለች፣ ሐኪም ቤት ስንሄድ ስንቅ መቋጠር አትተውም። ልጅቷ ከፊት ከጎኔ ሆነች። 495ን ይዘን የፖቶማክን ወንዝ ተሻገርን፣ ውሃው ዳር ዳሩ ረግቶ መሐሉ ብቻ ጥቁር ሆኖ ይፈስሳል፣ ሦስታችንም አየነውና ማንም ምንም አላለም። ቨርጂኒያ ገብተን በፒዛ ቤትና በልብስ ንጽሕና ቤት መሐል ያለች አንዲት ክሊኒክ በር ላይ ቆምን።

ክፍሉ ክፍል አይደለም፣ ሰው የሚተኛበት የመስታወት በርሜል ነው። አሠራሩን ያስረዳችን ሴት ለስላሳ ነበረች። ሰው ይገባና ይተኛል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ በባሕር ወለል ከምንኖርበት የአየር ግፊት እጥፍ እስኪሆን ይጨምራሉ፣ ጆሮ አውሮፕላን ሲወርድ እንደሚሆነው ይደፈናል፣ ታማሚውም ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳል፣ 90 ደቂቃ ያህል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በጠቅላላው 40 ጊዜ። የአንዱ ዋጋ 200 ዶላር። ኢንሹራንስ ለዚህ በሽታ ይህን ሕክምና አይሸፍንም። እህቴ ጣቷን እያጠፈች አሰበችና «8,000 ነው፣ ይተርፈናል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሱባኤ እንደ መያዝ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። ጠበል ስንት ጠየቀሽ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ከዚያ የማይፈቀደው ነገር ተነበበልን። ስልክ አይገባም፣ ሰዓት አይገባም፣ ሽቶ፣ ቅባት፣ የፀጉር ዘይት፣ ናይለን ልብስ አይገባም፤ ንጹሕ ኦክስጅን ባለበት ትንሽ ብልጭታ ትልቅ እሳት ነው። «ንጹሕ ጥጥ ብቻ» አለች ሴትዮዋ፣ እህቴም ይህን ጊዜ ደስ አላት፣ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ «ይኼስ?» ብላ አሳየቻት። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ እ.ኤ.አ. በ2025፣ በጥር ወር መጨረሻ፣ ሚሺጋን ውስጥ አንድ የ5 ዓመት ሕፃን እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ እሳት ተነሥቶ እንደሞተ አንብባ ነበር። ነፍሱን ይማር። ሥራውን አጥብቀው በሚይዙት ዘንድ እንዲህ ያለ አደጋ እጅግ ብርቅ ነው፣ ይህንንም አልደብቃችሁም።

ልጅቷ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገችና ጠየቀች። «የእኔ በሽታ ያለበት ሰው እዚህ ገብቶ ያውቃል?»

«አንድ ሰው ነበር» አለች ሴትዮዋ። «እንቅልፌ ተስተካከለ ብሎናል።»

«አረማመዱስ?»

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግሞ ከፈተች። ልትዋሽ ትችል ነበር፣ አልዋሸችም፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ። «ስለ አረማመዱ አልነገረንም» አለች። እህቴ ግን «መቼ እንጀምር?» ብላ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ልጅቷም የእናቷን እጅ ቦርሳው ላይ ያዘችና «እማዬ፣ መጀመሪያ ሐኪሜን ልጠይቅ» አለቻት። ወጣን።

ስንመለስ በረዶው ባሰና መንገዱ ተዘጋ፤ አንድ ሰዓት ተኩል እንደ በግ መንጋ ተጠጋግተን ቆምን። ሻዩ ያን ጊዜ ነው ያስፈለገው። ልጅቷ ክዳኑን በሁለት መዳፏ መሐል አጥብቃ ይዛ፣ ጣቶቿ ስኒ ለመያዝ ሲያመነቱ አያለሁ፣ ስለዚህ ክፍል ያነበበችውን ነገረችን። እኔም ለእናንተ ልንገር፣ ደስ የሚል ታሪክ ነውና።

ኦርቫል ከኒንግሃም የሚባል ካንሳስ ሲቲ ውስጥ የነበረ ሐኪም የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች በከፍታ አገር ሲሆኑ ሲብስባቸው፣ ወደ ዝቅተኛው ሲወርዱ ሲሻላቸው አየ፣ ከዚያም «ቆላ ከጠቀመ ከቆላ በታች ያለ አየር ይበልጥ ይጠቅማል» ብሎ የታመቀ አየር የሚሞላበት ትልቅ የብረት በርሜል ሠራ። ያን በብዙ ሕመም ላይ ሞከረው፤ ስኳር ላለበት፣ ቂጥኝ ለያዘው፣ ካንሰር ላለበት። ቲምከን የሚባል የኩሽኔታ ፋብሪካ ባለጸጋም በዚህ አመነና አንድ ሚሊዮን ዶላር አወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1928ም ክሊቭላንድ ከተማ፣ ኢሪ ሐይቅ አጠገብ፣ ባለ ብዙ ፎቅ የብረት ኳስ ቆመ፣ ወርዱ 64 ጫማ፣ ውስጡ እንደ ሆቴል የተሰናዳ፣ መስኮቱ እንደ መርከብ መስኮት ክብ። እስቲ አስቡት፣ ታማሚው ሌሊት ተኝቶ በዚያች ክብ መስኮት በረዶው ሐይቁ ላይ ሲወርድ ሲያይ! የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ግን ከኒንግሃምን «ማን ዳነ? ምን ያህል ሰው? ማስረጃህን አሳየን» አለው፣ እሱም አላሳየም፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም ኳሱ ተዘጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ደግሞ ለጦርነቱ ብረት ተፈለገና ፈርሶ ቀለጠ።

እህቴ ከኋላ «ታዲያ ውሸት ነው እንዴ?» አለች።

«ውሸት አይደለም፣ እማዬ።» ልጅቷ ወደ ኋላ ዞረች። ቡሬማ የሚባል የአምስተርዳም ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 የጻፈውን አጫወተቻት፤ የአሳማዎችን ቀይ የደም ሴል አጥቦ ቢያወጣውም፣ በሦስት እጥፍ ግፊት ኦክስጅን ሲሰጣቸው ልባቸው ሳይቆም ቆየ፣ በግፊቱ ኦክስጅኑ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ ስላዳረሰ። ስለዚህም ነው ከባሕር ጥልቀት ፈጥኖ ለወጣ ጠላቂ፣ በከሰል ጭስ ለታፈነ፣ በካንሰር ጨረር አጥንቱ ለተጎዳ፣ ለዚያ ለጓደኛዋ ባል ቁስልም የሚረዳው። እነዚህ ሁሉ ኦክስጅን የተራቡ ወይም በግፊት የሚፈቱ ሕመሞች ናቸው። «የእኔ ነርቭ ግን አልተራበም» አለች። ከዚያ ፊት ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ፣ እኔም ማርሽ አስገባሁ።

ቶናውን ቅዱ፣ እኔ እቀጥላለሁ።

ሐኪሟ ሽማግሌ ሰው ነው፣ በማግስቱ ተቀበለን፣ አልተቆጣም፣ አልሳቀም። እህቴን አስቀድሞ ወንበር ሰጣት። ከዚያ ስለ ቫይታሚን ሲ አወራን። እ.ኤ.አ. በ2004 ፈረንሳዮች ይህ ሕመም ያለባቸውን አይጦች ቫይታሚን ሲ ቢሰጧቸው አይጦቹ ተሻላቸው፣ ወሬውም በዓለም ናኘ፣ ታማሚው ሁሉ ከየመድኃኒት ቤቱ እየገዛ በእፍኝ ዋጠ። ከዚያም ፈረንሳይ፣ ጣልያን፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካ በየፊናቸው በሰው ላይ ሞከሩት፤ በጣልያንና በእንግሊዙ ብቻ ከ270 በላይ ታማሚዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ግማሾቹ እውነተኛውን፣ ግማሾቹ ባዶውን ክኒን ዋጡ። በመጨረሻ ሲለኩ ልዩነት የለም። «እኔም አዝዤው ነበር» አለ ሐኪሙ። «ደስ ብሎኝ አዝዤው ነበር።»

ሌላም ነገረን፣ ይህኛው ነው ልቤ ውስጥ የቀረው። ካናዳ ውስጥ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባል የአንጎል ጉዳት ያለባቸው 111 ሕፃናት ተሰብስበው እኩሌቶቹ በግፊት ንጹሕ ኦክስጅን፣ እኩሌቶቹ ጥቂት ብቻ የታመቀ ተራ አየር ተሰጣቸው፤ 40 ጊዜ፣ ልክ ለእኛ እንደተነገረን። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። ኦክስጅን ያገኙት ተሻሻሉ። ተራ አየር ያገኙትም እኩል ተሻሻሉ። ትንሿ ግፊትም መድኃኒት ሆና ነው ብለው የተከራከሩ አልጠፉም፤ የሚበዙት ግን ያን ያህል ቀን ከወላጅ ጋር መሄዱ፣ መለማመዱ፣ ሰው ማየቱ፣ ተስፋው ራሱ ነው አሉ። «ከክፍሉ ወጥተሽ ተሽሎኛል ብትዪኝ አምንሻለሁ» አላት። «ያሻለሽ ኦክስጅኑ ነው ካልሽኝ ግን በምን አወቅሽ እልሻለሁ።» ከዚያ ስትነሣ አስቆማትና፣ ምንጊዜም ቢሆን፣ ለምንም ሕመም ቢሆን፣ ሐኪም ሁሉ ይህ በሽታ እንዳለባት እንዲያውቅ አደራ አላት፤ ቪንክሪስቲን የሚባል የካንሰር መድኃኒት አለ፣ ለእሷ ዓይነቱ ሰው ነርቩን ክፉኛ ይጎዳዋልና። ይህንን ቃል በካርድ ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ አኖረች።

ያን ማታ እህቴ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ልጅቷ ተኝታለች። «ምን አለበት ጋሼ፣ አየር ነው እኮ» አለችኝ። «ባይጠቅማትስ ምን ይጎዳታል?»

እኔም ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። «አባባ የኖረው የት ነው?» አልኳት። «መንዝ። ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ላይ። የዚያ አገር አየር ከዚህኛው አሥር እጅ ቢሆን ሰባቱን ነው። አንቺ ከዚያ ወርደሽ እዚህ የባሕር ዳር አገር ስትገቢ ያለ ክፍያ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ይኸው 30 ዓመት ሊሆንሽ ነው ተጨማሪ ኦክስጅን ስትተነፍሺ።» ይህ የሐኪም ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በርሜሉ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ግን መናገሩን ጀምሬዋለሁና መጨረስ ነበረብኝ። «ታዲያ እግርሽ ዳነ?»

ቢላዋው ቆመ።

ይህን በሕይወታችን ተናግረነው አናውቅም ነበር። ለልጇ በሽታው ከእናት ሊመጣ እንደሚችል ሐኪሙ ሲናገር እህቴ መስኮት መስኮቱን ታያለች፣ እኔም መሬት መሬቱን። ከአባታችን የተረፍኩት እኔ ነኝና፣ ለእሷ መናገር የዕድሌ ጉራ መስሎ ይታየኝ ነበር። አሁን ተነሣሁና በሩ ሥር የተደረደረውን የእሷን ጫማ አነሣሁ፣ ገለበጥኩት። የውጭ ጎኑ ተበልቶ አልቋል፣ አፍንጫው ተፍቋል፤ ከጎኑ ካለው ከልጇ ጫማ ጋር ቁጥሩ ብቻ ነው የሚለየው። አስተያይታ አየችው። «ሥራው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል» አለች። ከዚያ የሽንኩርቱን እንባ በክንዷ ጠረገችና «በስንት ዓመቷ ነው ልጄ ያወቀችብኝ?» አለችኝ። እኔ አላውቅም አልኳት፣ ግን ልጅ የእናቱን ኮቴ የማያውቅበት ዕድሜ የለም።

ልጅቷ ጠዋት ስትነሣ እናቷ ጠረጴዛው ላይ ቁርስ አቅርባ፣ የራሷን ሁለት እግር ሌላ ወንበር ላይ ባዶውን ዘርግታ ጠበቀቻት። ምን እንደተባባሉ አልነግራችሁም፣ እኔ በረዶ ልጠርግ ወጥቼ ነበር፤ የሚጠረግ በረዶ ባይኖርም።

ወደዚያች ክሊኒክ አልተመለስንም። ዕቁቡ ባንክ ነው። ጥቂቷን እህቴ ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮ ስትይዝና ደሟን ስትሰጥ አወጣች፣ በጥቂቷም ለልጅቷ ከካርቦን ፋይበር ለተሠራ ቀለል ያለ ድጋፍ ኢንሹራንሱ ያልሞላውን ሞሉ፤ የቀረውን ምን ታደርጊበታለሽ ስላት «ይቆይ» ትላለች። አሁንም ስለ አዲስ መድኃኒት የሰማችውን እየደወለች ትነግረኛለች፣ ልጅቷም «እማዬ፣ ስንት ሰው ላይ ተሞከረ?» ትላታለች፣ እሷም በሌላ ቀን ቁጥሩን ጠይቃ ትመጣለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅቷ ቤተ ክርስቲያን መግባት ከተወች ዓመታት ሆኗት ነበር። እናቷ የአሜሪካ ልጅ ሆናብኝ ነው ትል ነበር። ነገሩ ግን ጫማ ነው፤ ጫማ ሲወልቅ ድጋፉም ይወልቃል፣ ድጋፉ ሲወልቅ ያ ኮቴ ይመጣል፣ ሕዝቡም ጸጥ ባለበት፣ ቄሱ ዕጣን በሚያጥኑበት ሰዓት፣ ወለሉ ላይ ጧ ይላል።

የጥምቀት ዕለት በር ላይ ቆምኩ፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ እነሱም ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፣ እህቴም ጎንበስ ብላ የልጇን ማሰሪያ ፈታችላት፣ ልጅቷም የእናቷን ጫማ ተቀብላ ከራሷ ጋር መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፣ ከዚያ ተያይዘው ተነሡ። እኔ ቀደም ብዬ ወንዶቹ ጋ ገብቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ፣ ፊቴ ወደ መቅደሱ ነው። አልዞርኩም። ከኋላዬ በሩ ተከፈተ፣ የብርድ ነፋስ አንገቴን ነካኝ፣ ከዚያም በሰፊው የእንጨት ወለል ላይ ሰማሁት፤ አንዱ ቀደም፣ አንዱ ከተል እያለ፣ ጧ… ጧ፣ ጧ… ጧ። አጠገቤ ያለ ሰውዬ ማን ነው ብሎ ዘወር ሊል ሲል ክንዱን ያዝኩትና፣

«የእኛ ሰዎች ናቸው» አልኩት።